ዘግይቶ የሚከፍል ትምህርት፣ ቀድሞ የሚመጣ ዕዳ

 

የዛሬው ርዕሳችን አሜሪካ ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ባላቸው ቤተሰቦች ዘንድ፣ ከማርች ማገባደጃ እስከ ሜይ 1 ባሉት ሳምንታት የሚነሳ ጥያቄ ነው። ልጅቱ «ተቀብለውኛል» ብላ ደብዳቤ ይዛ ትመጣለች። የኮሌጁን ስም አባትም እናትም ሰምተውት አያውቁም። ያለው በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው፤ ተማሪው በሙሉ ተሰብስቦ ሁለት ሺህ ቢሞላ ነው። ነርሲንግ የለውም፣ ፋርማሲ የለውም። የተጻፈበት የዓመት ወጪ ግን 90 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። «ምን ልትማር ነው?» ይላል አባት። ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ባዮሎጂ፣ ፍልስፍና፤ ምርጫው ብዙ ነው። «ከዚያስ በምን ትተዳደራለች?»

ይህ ጥያቄ ሊናቅ አይገባውም። ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ ቀን ፓርኪንግ እየሠራ ልጅ ያሳደገ ወላጅ የላቡ ዋጋ የት እንደሚገባ መጠየቅ መብቱ ነው። ትምህርት ሰውን ሰው የሚያደርግ ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ዕዳው ግን በየወሩ የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ፣ ዛሬ ነገሩን በገንዘብ በኩል ብቻ እናየዋለን።

በመጀመሪያ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ስለሚባለው ጥቂት እንበል። እነዚህ በአብዛኛው ትኩረታቸውን በባችለር ዲግሪ ላይ ያደረጉ ትንንሽ ኮሌጆች ናቸው። ማሳቹሴትስ ያለው ዊሊያምስ በ1793፣ እዚያው ያለው አምኸርስት በ1821 የተመሠረቱ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጠራ ያዙልኝ። አይዋ ውስጥ ግሪኔል፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሚኒሶታ ካርልተንና ማካሌስተር፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስዋርዝሞር አሉ። ክፍሎቹ ጠባብ፣ ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው። ፕሮፌሰሩ ራሱ ያስተምራል፣ ራሱ ድርሰቱን ያርማል፣ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል። ብዙ ሰው ሥዕልና ሥነ ጽሑፍ ብቻ የሚሰጥባቸው ይመስለዋል። ግን ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ኮምፒውተር ሳይንስም ይሰጣል። ካሊፎርኒያ ያለው ሃርቪ መድ ኮሌጅ ከዚሁ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ የሚታወቀው በኢንጂነሪንግና በሳይንስ ነው። ከተመራቂዎቻቸው ቁጥር አንጻር ስንቱ በኋላ ዶክትሬቱን ያዘ ተብሎ ሲሰላም፣ ስዋርዝሞርና ሪድን የመሰሉ ትንንሽ ኮሌጆች ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች እኩል ከፊት ይሰለፋሉ።

ለእኛም ሰው ባዕድ አይደሉም። ዶክተር መላኩ በያን በ1920ዎቹ ኦሃዮ ውስጥ ሙስኪንገም በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ገብተው ነበር፤ በኋላ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ። ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት ሚኒሶታ ከሚገኘው ኮንኮርዲያ ኮሌጅ ነው። አዲስ አበባ የተወለዱት ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱም ሚሺጋን ውስጥ የካላማዙ ኮሌጅ ምሩቅ ናቸው። ስማቸውን ሳነሳ የእናንተም ልጅ እንደ እነሱ ትሆናለች ማለቴ አይደለም። የታዋቂ ሰው ታሪክ ደስ ያሰኛል እንጂ ለሒሳብ አይሆንም። ለሒሳብ የሚሆነው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ስማቸው ያልተጠራ ተመራቂዎች ያገኙት ገቢ ነው።

ይህንን ካጠኑት አንዱ ዋሽንግተን ያለው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የትምህርትና የሥራ ኃይል ማዕከል ነው። በ2020 ባወጣው ጥናት 210 ሊበራል አርትስ ኮሌጆችን ለይቶ፣ ተማሪው ያወጣውን ወጪና በኋላ ያገኘውን ገቢ አመዛዘነ። የተገኘው ውጤት ሁለት መልክ አለው። ኮሌጅ ከተገባበት ቀን ጀምሮ አሥር ዓመት ብቻ ሲቆጠር፣ የእነዚህ ኮሌጆች መካከለኛ የተጣራ ትርፍ 62 ሺህ ዶላር ነው። የአገሪቱ ኮሌጆች ሁሉ ተደምረው ሲታዩ ግን 107 ሺህ ነው። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው «ያልኩት አልቀረም፣ አያዋጣም» ይላል። ዘመኑ ወደ አርባ ዓመት ሲረዝም ሚዛኑ ይገለበጣል፤ የሊበራል አርትሶቹ 918 ሺህ ዶላር ይደርሳል፣ የሁሉም ኮሌጆች መካከለኛ 723 ሺህ ላይ ይቀራል። ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ብልጫ ማለት ነው። የኢንጂነሪንግና የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ከሚያስገኙት ጋርም እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው። በመላው አገሪቱ ቁጥር ውስጥ በሁለት ዓመት የሚያስመርቁ ርካሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችና የሙያ ትምህርት ቤቶች አሉ። የእነዚህ ተማሪ ወጪው ትንሽ ነው፣ ፈጥኖም ሥራ ይይዛል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ቀድሞ መገኘቱ አያስገርምም። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ልናተኩርበት የሚገባ ነው። የሊበራል አርትስ ምሩቅ የመጀመሪያ ደመወዙ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ከዚያም ብዙዎቹ ወደ ሕግ፣ ወደ ሕክምና፣ ወደ ማስተርስና ዶክትሬት ይሄዳሉ፤ በእነዚያ ዓመታት ገቢ የለም፣ ወይም በጣም ትንሽ ነው። ገቢው የሚመጣው በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ነው።

ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ዴሚንግና ካዴም ኖሬይ በ2020 ያሳተሙት ጥናት የዚህን ሌላ ገጽ ያሳያል። የኮምፒውተር ሳይንስና የኢንጂነሪንግ ምሩቃን ሥራ ሲጀምሩ ከሌላው በእጅጉ የበለጠ ይከፈላቸዋል። ይህ ብልጫ ግን በመጀመሪያዎቹ አሥር የሥራ ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ምክንያቱ፣ ሙያው የሚጠይቀው ዕውቀት ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ትናንት የተማሩት ዛሬ ስለሚያረጅ ነው። ይህ ማለት «ኮምፒውተር አትማሩ» ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ደመወዝ የአርባ ዓመቱን መንገድ አያሳይም ለማለት ነው። ልጄ ነርስ ትሁን የሚል ወላጅም አልተሳሳተም። በሁለትና በአራት ዓመት ትምህርት የሚያዝ፣ ፈላጊው የበዛ፣ ወዲያው ቤት የሚደግፍ ሙያ ነው፤ የብዙ ቤተሰቦቻችን ኑሮ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ጥያቄው ቤተሰቡ ገቢውን መቼ ይፈልገዋል፣ መጠበቅስ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

አሁን አንድ ማስጠንቀቂያ። 918 ሺህ የሚለውን ቁጥር ሰምቶ ኮሌጁ ያንን ያህል ይሰጠኛል ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። ወደ እነዚህ ኮሌጆች የሚገቡት ብዙዎቹ ቀድሞም ጎበዞች ናቸው፣ ከባለጸጋ ቤት የመጡም ብዙ ናቸው። የትም ቢማሩ ደህና ገቢ ያገኙ ነበር። ይህንን ለመለየት ስቴሲ ዴልና አላን ክሩገር በ2002 ብልህ ዘዴ ተጠቀሙ፤ በ1976 ኮሌጅ የገቡ፣ ለተመሳሳይ ኮሌጆች ያመለከቱና ተመሳሳይ ተቀባይነት ያገኙ፣ ግን የተለያየ ቦታ የገቡ ሰዎችን አነጻጸሩ። ስመ ጥሩን ኮሌጅ የመረጠውና ያልመረጠው በአማካይ ገቢያቸው ብዙም አልተለያየም። ሥራቸውን በኋላ በሰፊው ሲደግሙት ግን ከአጠቃላዩ የወጡ ቡድኖች ተገኙ። ጥቁርና የላቲን ዝርያ ላላቸው ተማሪዎች፣ እንዲሁም ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩ ልጆች፣ ተመራጭ ኮሌጅ መግባቱ ገቢያቸውን ከፍ አድርጎታል። ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው፣ ሥራ የሚያገናኝ ዘመድ የሌለው ልጅ ያንን የሚያገኘው ከኮሌጁ ነው ብለው ያስረዱታል። ይህ ግኝት የስደተኛ ልጆቻችንን በቀጥታ ይነካል። እኔም «ይህ የሀብታም ልጆች ትምህርት ነው» ሲባል የማልስማማው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ትርፉ አለ፣ ግን ዘግይቶ ይመጣል ካልን፣ ዋናው ጉዳይ መጠበቂያው ነው። ትርፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲመጣ፣ የብድሩ ክፍያ የሚጀምረው ከተመረቁ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ዕዳው ትንሽ ከሆነ ልጁ መታገስ ይችላል። ዕዳው ከባድ ከሆነ ግን የሚወደውን ትቶ ያገኘውን ሥራ ይይዛል፣ የማስተርሱን ትምህርት ይተዋል፣ የዘገየው ትርፍም ሳይመጣ ይቀራል። ስለዚህ ሒሳቡ የሚጀምረው ከኮሌጁ ስም ሳይሆን ቤተሰቡ በእርግጥ ከሚከፍለው ዋጋ ነው።

የተለጠፈውና የሚከፈለው ዋጋ በጣም ይለያያሉ። በአሜሪካ በግል የሚተዳደሩ ለትርፍ ያልቆሙ ኮሌጆች ለአዲስ ገቢዎች ቱሽን ከሚባለው የትምህርት ክፍያቸው በአማካይ ከግማሽ በላይ ይቀንሳሉ። አናፖሊስ ያለው ሴንት ጆንስ ኮሌጅ በ2018 ይህንን ዋጋ ሰቅሎ መልሶ የመቀነስ ጨዋታ ተወት አድርጎ 52 ሺህ የነበረውን ቱሽን ወደ 35 ሺህ አወረደው። ሀብት ያላቸው ኮሌጆች ደግሞ ከዚያም አልፈው ይሄዳሉ። ዊሊያምስ በ2022 ከድጋፉ ውስጥ ብድርንም፣ ተማሪው እየሠራ እንዲከፍል የሚጠየቀውንም አውጥቶ ሁሉንም ስጦታ አደረገው። ግሪኔልም ከ2021 ጀምሮ በድጋፉ ውስጥ ብድር አያካትትም። ኬንተኪ ያለው በሪያ ኮሌጅ ከ1892 ጀምሮ ቱሽን አያስከፍልም፤ ተማሪው ሁሉ ግን በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። ስለዚህ ገቢው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ የሆነ ቤተሰብ 90 ሺህ የተጻፈበት ኮሌጅ ከግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ረክሶ ሊያገኘው ይችላል። ብዙ ወላጅ ዋጋውን አይቶ ልጁን «አታመልክት» የሚለው ይህንን ሳያውቅ ነው፤ እጅግ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ኢትዮጵያ ላላችሁ ወጣቶችም ልጨምር፦ አምኸርስትና ቦውዶይን ከውጭ አገር የሚያመለክትን ተማሪ ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፣ ከተቀበሉትም የጎደለውን ይሞላሉ። ውድድሩ ግን እጅግ ከባድ ነው።

ዋጋውን ከማመልከታችሁ በፊት ማወቅ ትችላላችሁ። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበሉ ኮሌጆች በድረ ገጻቸው ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚባል ማስያ እንዲያስቀምጡ ሕግ ያስገድዳል። የታክስ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሃያ ደቂቃ ብትቀመጡ ግምቱን ይነግራችኋል። ከዚያ ኮሌጅ ስኮርካርድ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ስንቱ ተማሪ እንደሚመረቅ፣ ስንት ዕዳ ይዞ እንደሚወጣ፣ በየትምህርት ዘርፉ ምን ያህል እንደሚያገኝ ተመልከቱ። የመመረቂያውን ቁጥር አትለፉት። ብድር ወስዶ ዲግሪውን ሳይዝ የቀረ ልጅ ከሁሉ የባሰ ኪሳራ ላይ ነው።

የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጾቹን በተመለከተ፣ ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል ቅጽ ለሁሉም ኮሌጅ የሚሆን ነው፤ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ይሞላዋል፤ እስከ 7,395 ዶላር የሚደርሰው ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል ስጦታም የሚገኘው በዚሁ በኩል ነው። ብዙ የግል ኮሌጆች ደግሞ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሁለተኛ ቅጽ ይጠይቃሉ፤ የዓመት ገቢው እስከ 100 ሺህ ዶላር ለሆነ ቤተሰብ በነጻ ነው። እዚህ ላይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት የገዛችሁ አስተውሉ። ፋፍሳ የምትኖሩበትን ቤት ዋጋ አይጠይቅም፤ ሲኤስኤስ ግን ይጠይቃል፣ ቤቱም በዋጋ ከጨመረ አንዳንዱ ኮሌጅ እንደ ሀብት ይቆጥረዋል። አዲስ አበባ ያሠራችሁት ቤት ደግሞ የማትኖሩበት ንብረት ስለሆነ በሁለቱም ቅጾች ይሞላል። «አያውቁትም» ብሎ መዝለል ልጁን አደጋ ላይ ይጥላል።

አሁን ኮሌጁ ወደሚልከው የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ እንምጣ። የኮንግረስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ከኮሌጆች 91 በመቶው ቤተሰቡ በእርግጥ የሚከፍለውን ዋጋ በደብዳቤያቸው ላይ አይጽፉም፣ ወይም አሳንሰው ይጽፋሉ ብሏል። ብድሩ ከስጦታው ጋር ተደምሮ «ድጋፍ» ተብሎ ይቀርባል። ስለዚህ እርሳስ ይዛችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ከቱሽን፣ ከዶርም፣ ከምግብ፣ ከመጽሐፍና ከጉዞ ድምር ላይ ግራንትና ስኮላርሺፕ የሚባሉትን ብቻ ቀንሱ። ብድር አትቀንሱ። በካምፓስ ሠርቶ የሚገኘውንም አትቀንሱ፤ ገና ያልተሠራ ገንዘብ ነው። የቀረው ቁጥር የአንድ ዓመት ዋጋችሁ ነው፤ በአራት አባዙት፣ በየዓመቱ እንደሚጨምርም ገምቱ።

ለምሳሌ ያህል፣ አንዱ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ከስጦታው በኋላ በዓመት 38 ሺህ ጠየቀ፣ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ 22 ሺህ ጠየቀ እንበል። ልዩነቱ በአራት ዓመት 64 ሺህ ነው። ቤተሰቡ ይህንን ከቁጠባው ወይም ከእቁቡ መሸፈን ከቻለ የራሱ ምርጫ ነው። ካልቻለ የሚቀርብለት ፓረንት ፕለስ የሚባለው የወላጅ ብድር ነው። ወለዱ በቅርብ ዓመታት 9 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ሲሰጥ ደግሞ ከአራት በመቶ በላይ ክፍያ ይቆረጥበታል። 64 ሺህ በ9 በመቶ በአሥር ዓመት ሲከፈል በወር ከ800 ዶላር በላይ ነው፤ በጠቅላላው 97 ሺህ ገደማ ይሆናል፣ ልጁ በትምህርት ላይ ሳለ የሚጠራቀመውን ወለድ ሳንቆጥር። የዕዳው ባለቤት ወላጁ ነው፤ ወደ ልጁ አይዛወርም። ሲሰጥ የወላጁ ገቢ መክፈል ይችል እንደሆነ አይመረመርም። ለዓመታት ብድሩ እስከ ሙሉ ወጪው ድረስ ይሰጥ ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች በአንድ ልጅ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው 65 ሺህ ዶላር ላይ ገድቦታል። ገደቡ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ጉድለቱን በግል ባንክ ብድር ለመሙላት መሮጥ ግን ያንኑ ችግር ሌላ በር ከፍቶ ማስገባት ነው።

በተማሪው በራሱ ስም የሚሰጠው የፌዴራል ብድር ሌላ ነው። በወላጅ ሥር ላለ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500፤ በድምሩ 27 ሺህ ዶላር ነው። በአሥር ዓመት ሲከፈል በወር 300 ዶላር ገደማ ይመጣል። ጀማሪ ሠራተኛ ይህንን ተሸክሞ መታገስ ይችላል። የእኔ መለኪያ እዚህ ላይ ነው፤ በቤተሰቡ አቅምና በዚህ ብድር የሚሸፈን ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ካገኛችሁ፣ ልጃችሁም ከፈለገው፣ ሳትፈሩ ስደዱት። የወላጅ ብድር ካልተጨመረ አይሆንም ከተባለ ግን የግዛቱን ዩኒቨርሲቲ ምረጡ። በመካከልም መንገድ አለ። ሴንት ሜሪስ ኮሌጅ ኦፍ ሜሪላንድ የመንግሥት ሆኖ ሳለ ሊበራል አርትስ ነው፤ ሚኒሶታ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው የሞሪስ ካምፓስም እንዲሁ። ለግዛቱ ነዋሪ የሚያስከፍሉት ከግሎቹ የተለጠፈ ዋጋ በብዙ ያነሰ ነው።

ስለ ትንንሾቹና ሀብት ስለሌላቸው ኮሌጆች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ግሪን ማውንቴን ኮሌጅ በ2019 ተዘጋ። በ1868 የተመሠረተው ዌልስ ኮሌጅ በ2024 መዘጋቱን ያስታወቀው የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው፤ በዚያው ዓመት በርሚንግሃም ሳውዘርንም ተዘጋ። ተማሪዎቹ ሌላ ቦታ ፍለጋ ሄዱ። ቀደም ያልኳችሁ የአርባ ዓመት ቁጥር መካከለኛ እንጂ የሁሉም ኮሌጅ ዕጣ አይደለም። የተማሪው ቁጥር በየዓመቱ እያነሰ የሚሄድ ኮሌጅ ትልቅ ስኮላርሺፕ ቢያቀርብም፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ የቀረበላችሁ ድጋፍ ካነሰ እንዲታይላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። በፋፍሳ ላይ የተሞላው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ አባት ሥራ አቁሞ፣ እናት ታማ፣ ሰዓት ተቀንሶ ከሆነ ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ በጽሑፍ አስረዱ፤ ቢሮው ሰነድ አይቶ ማስተካከል እንዲችል ሕጉ ይፈቅድለታል። አገር ቤት ያሉ አረጋዊ ወላጆቻችሁን የምትጦሩ ከሆነ ይህንንም ጻፉ፣ የላካችሁበትን ደረሰኝ አያይዙ። ፋፍሳ ስለማይጠይቅ ካልተናገራችሁ አያውቁትም። የተሻለ ያቀረበ ሌላ ተመሳሳይ ኮሌጅ ካለ ደብዳቤውን ቅጂ አድርጋችሁ ላኩ። ደብዳቤው አጭርና አክብሮት ያለው ይሁን፣ ቁጥሮቹ በግልጽ ይቀመጡ፤ እንግሊዝኛው ለልጁ ቢቀልም ፊርማው የወላጅ ይሁን። ኤፕሪል እንደገባ ላኩት፤ መልሱ እስከ ሜይ 1 ካልደረሰ ደግሞ የማስያዣ ገንዘብ መክፈያው ቀን እንዲራዘምላችሁ በዚያው ደብዳቤ ጠይቁ።